የአስታማሚዋ ሰዓት ስንት ያወጣል?

ለአዘጋጁ፣

ስለ መርሳት በሽታ መድኃኒቶች ውድነት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። የመድኃኒቱ ዋጋ በዝርዝር አለ። አስታማሚው ግን የለበትም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ይህ በሽታ ዓለምን 1.3 ትሪሊዮን ዶላር አስወጥቷል። ግማሽ ያህሉ የሆስፒታል ሂሳብ አይደለም። ቤተሰብና ወዳጅ ያለ ክፍያ የሚያስታምሙት ነው፤ በቀን በአማካይ 5 ሰዓት። ከዚህ ሰዓት 70 በመቶው የሴቶች ነው። እኛ ጋ «ልጅቷ አለች አይደል?» ብለን የምናልፈው ማለት ነው።

ኢኮኖሚስቶች ሰዓቱን የሚተምኑበት ሁለት የታወቀ መንገድ አላቸው። አንዱ አስታማሚዋ ሥራ ብትሄድ ታገኝ የነበረውን ደመወዝ ያሰላል። ሌላው ተንከባካቢ ቢቀጠር የሚከፈለውን። በመጀመሪያው ከሄድን ጡረታ የወጣች ሚስት ድካሟ ዜሮ ሊባል ነው። ይሄ አይዋጥልኝም። ሁለተኛው ይሻላል፣ እንቅልፍ ማጣቱንና የወገብ ሕመሙን ባይቆጥርም።

መድኃኒት ለዋጋው ይመጥን እንደሆነ የሚመዝነው የእንግሊዙ ተቋም ናይስ (NICE)፣ የአስታማሚ ጤናም አግባብ ሲሆን በስሌቱ እንዲቆጠር ይፈቅዳል። ጣጣው ግን እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱ ዕድሜ ካራዘመ ማስታመሙም ይረዝማል። በሽተኛው ሲሞት ደግሞ አንዳንዱ ስሌት «ሸክም ወረደ» ብሎ ይመዘግባል፤ ሐዘኑን አያውቅም። ስለዚህ ዕድሜ የሚያራዝም መድኃኒት በወረቀት ላይ አክሳሪ ሊመስል ይችላል። ጥፋቱ የሂሳቡ ነው።

ስለ ስትሮክም ሆነ ስለ ፓርኪንሰን ወጪ ስትጽፉ፣ እባካችሁ ቤት ያለችውንም ሰው ጠይቁ።

አንባቢያችሁ