የሚቲዎሮሎጂ ክበባችንና የየካቲቱ ዝናብ

«የአየር ሁኔታ በስልክ እየታየ ክበቡ ለምን አስፈለገ?» የሚለው ጥያቄ ዓመቱን ሙሉ ተከትሎናል። ስልኩ ለደሴ የሚሰጠው አንድ ቁጥር ነው። ከጦሳ ተራራ ሥር ካለው የትምህርት ቤት ግቢያችን እስከ ኮምቦልቻ ግን ከፍታው 600 ሜትር ያህል ይቀንሳል፤ በየ1,000 ሜትሩ የሙቀት ልዩነቱ 6.5 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ቁልቁል የወረደ ሰው ወደ 4 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ይጨምርበታል። ዝናቡንማ የከተማው ሰው ያውቀዋል፤ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ጎርፍ እየወረደ ሰኞ ገበያ ሰፈር አቧራ የሚቦንበት ቀን አለ።

23 አባላት በየረቡዑ ተሰብስበናል። ጠርዙ ቀጥ ያለ ሃይላንድ ቆርጠን፣ ሥሩን በሲሚንቶ ደልድለን፣ አፉን ገልብጠን የዝናብ መለኪያ ሠርተናል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አንድ ተማሪ ለአምስት ደቂቃ ከክፍል ወጥቶ ያነባል። ቅር ያላችሁ መምህራን እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ሰዓቱ ከቀን ቀን ከተዛባ ግን መዝገቡ ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ የካቲት ልምጣ። ለወሎ ደጋ የበልግ ዝናብ የሚመጣው ሁለት ነገር ሲገጣጠም ነው። አንዱ ከዓረብ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ እርጥበት ጭኖ የሚነፍሰው የምሥራቅ ነፋስ ነው። ሌላው የሰሜኑ አገር ብርድ ሊያልቅ ሲል ከሜድትራንያን በኩል በሰማይ ከፍታ ወደ እኛ የሚወርደው ዝቅተኛ ግፊት ነው። በወሩ መጨረሻ ሳምንት በኮምፒውተር ክፍሉ የሜቲዮሳት ሳተላይትን ምስል ስናይ ደመናው ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ተዘርግቷል።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ልጆቹ የአየር ግፊት የሚለካውን ባሮሜትር አንብበው «ቲቸር፣ ግፊቱ ወረደ!» እያሉ እየሮጡ መጡ። ዝናብ ሊመጣ ነው ብዬ እኔም ደስ አለኝ። ከኩታበር መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ግን ደብተሯን ገለጠችና በጣቷ መስመር በመስመር አሳየችን። ዝናብ በሌለበት ቀንም ግፊቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ይወርዳል፤ በማግስቱ ጠዋት ተመልሶ ከፍ ይላል። «ማወዳደር ያለብን ከትናንቱ ተመሳሳይ ሰዓት ጋር ነው» አለች። እውነቷን ነው፤ በእኛ ምድር ግፊቱ በየቀኑ ከ2 እስከ 3 ሄክቶፓስካል (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ይወጣል ይወርዳል። እኔ አላስተማርኳትም፤ ከገዛ ደብተሯ ነው ያገኘችው።

ረቡዕ 4 ሰዓት ላይ ንባቡ ከማክሰኞው 4 ሰዓት በ2 ሄክቶፓስካል አነሰ። ያን ዕለት ወደ ጦሳ ወጣን። ላይ ያለው ስስ ደመና ከምዕራብ ይመጣል፤ ታች ጉሙ ከኮምቦልቻ በኩል ገደሉን እየታከከ ይወጣል። ልጅቷ ሁለት እጆቿን አንዱን ከአንዱ በላይ ዘርግታ በተቃራኒ አቅጣጫ አንቀሳቀሰቻቸው፤ ሌላ ምንም አልተናገረችም። ከዚያ ስልክ ለምና ደወለች። «አባባ፣ እርሻውን ነገ ይጨርሱት፤ ነገ ማታ ወይ ዓርብ ይዘንባል።» ገበሬ አባቷን በቃሏ ስታስቸኩል ስሰማ ጉሮሮዬ ታነቀ። ብንሳሳትስ?

ሐሙስ በሰንደቅ ዓላማው ሥነ ሥርዓት ላይ ትንበያውን ራሷ አነበበች። ማታውን ቆርቆሮው ሲንኳኳ አደረ። ዓርብ 3 ሰዓት ላይ ሃይላንዱ 17 ሚሊ ሜትር ያዘ፤ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 17 ሊትር ውሃ ማለት ነው። ሰኞ ስትመጣ «አባቴ ‹ለአስተማሪሽ ንገሪያቸው፣ ገብሱ መሬት ገብቷል› ብለዋል» አለችኝ።

ሚያዝያ ላይ ተሳስተናል። ሁለት ቀን ይዘንባል አልን፤ እርጥበቱ ሳይደርስ ቀረ፣ ያነበበው ልጅም ተስቆበት ሁለት ሳምንት ከክበቡ ራቀ። መለኪያውን ኳስ ሁለት ጊዜ ሰብሮብናል። ኮምቦልቻ ያለውን የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ ለማየት መምህራን አዋጥተን ሚኒባስ ብንከራይም የሄዱት 11 ልጆች ብቻ ናቸው። ባሮሜትሩ ከላቦራቶሪ በፊርማ ወጥቶ በፊርማ ስለሚገባ ቅዳሜና እሑድ መዝገባችን ባዶ ነው። ለኳስ ቡድኑ ማሊያ ሲገዛ ከልብ አጨብጭበናል፤ ለእኛ የአንድ ቁልፍ ቅጂ ለመስጠት ግን ዓመት አይፈጅም ነበር።

የሚያስፈልገን ደረጃውን የጠበቀ የዝናብ መለኪያ፣ ሁለት ቴርሞሜትርና የአጥር ሽቦ ነው። በቤቱ የተረፈ ሽቦ ያለው ወላጅ ካለ ይምጣልን፤ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መለኪያው ዘንድ አንጠፋም።