ለአባቴ፣ ስለ ተበቃይዋ ልጅ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እዚህ ባሕር ዳር ሁላችንም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ታሪክዎን ጽፈው የላኩት ደብተር ደርሶናል፤ ልጆቹ እየተሻሙ አነበቡት። የአባቷን ደም ልትመልስ የተነሳችው ልጅና በክታቡ የተነሳ ብረት የማይበሳው ወንበዴ ልባቸውን ሰቅለውታል። ግን ከጣና ሐይቅ ጋር የማይሄዱ ነገሮች አሉ፤ ይቆጡኝ እንጂ ልናገር።

ሃያ መድፍ የጫነ መርከብ ጣና ላይ አይሆንም። ሐይቁ በጣም በጠለቀበት 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ዳር ዳሩ ደለል ስለሆነ መርከቡ ጭቃ ላይ ይቀመጣል። መርከቡን ይተዉና ወንበዴውን በታንኳ ብቻ ያስኪዱት። እምቦጩንም፣ ያን ውኃ ላይ የሚንሳፈፈውን አረም፣ ይሰርዙት፤ ታሪኩ በዐፄ ፋሲል ዘመን ነው ብለዋል፣ እምቦጭ ጣናን ከያዘ ግን ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላውም።

ታንኳ የሚሠራው ከደንገል፣ ውኃ ዳር ከሚበቅለው ረጅም ሣር መሰል ተክል ነው። ደንገሉ ታጭዶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ ከዚያ በነዶ በነዶ ሆኖ በልጥ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። የደንገል ውስጡ እንደ ስፖንጅ ነው፤ አየር ስለያዘ ይንሳፈፋል፣ ቅርፊቱ ሲሰበር ግን ውኃውን ይጠጣል። ስለዚህ ቀዛፊ ዳር ሲደርስ ታንኳውን ጎትቶ አውጥቶ፣ አስደግፎ ያደርቀዋል። ሳይደርቅ የተመላለሱበት ታንኳ ይከብዳል፣ ዝቅ ይላል፣ የተቀመጠበትን ሰው ውኃ ያገኘዋል፤ ቆይቶም ደንገሉ ይበሰብስና እስሩ ይላላል። እርስዎ ወንበዴውን ሰባት ቀን ከውኃ ሳይወጣ አስቀዝፈውታል! ታንኳ ላይ ቆመው የሚሻሙበትን የሰይፍ ፍልሚያም ይተዉት። የሚቀዘፈው ተቀምጦ፣ በአንድ ረጅም ዘንግ፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ነው፤ ቆሞ ሰይፍ የሚሰነዝር ሳይመታ ይገለበጣል።

ዋናው ችግር ገዳም ባለባት በዳጋ ደሴት ላይ ነው። ልጅቱ ዳጋ እስጢፋኖስ ወርዳ ወንበዴውን በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ትገድለዋለች ብለዋል። ዳጋ የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴት አትወርድበትም፤ ሌላው የጣና ደሴት ገዳም ክብራን ገብርኤልም እንደዚሁ። ደግሞስ ገዳም ገብቶ ደወል ደውሎ የተማጸነን ሰው ማን ይነካዋል?

እንደኔ ግን ይህ እክል ለታሪኩ ይበጃል። ወንበዴው ዳጋ ይማጸን፤ እሷ አጠገቡ ባለችው ደቅ ደሴት ትሰንብት፣ እዚያ ባላገር ስላለ ማደሪያ አታጣም። ሌሊት ሌሊት ታንኳዋን ቀዝፋ ትምጣ። መሬት ሳትረግጥ፣ ቆልማማ ዘንግ ይዛ፣ ዳር ላይ የተደገፈውን የሱን ታንኳ ስባ ውኃ ውስጥ ትድፈቀው። ሲነጋ እሱ ማዕበል የወሰደበት መስሎት ያወጣዋል፤ ማታ እንደገና። እንዲህ እየሆነ ታንኳው ሳይደርቅ ይሰነብታል።

ከዚያ ነፋሱን ይጠቀሙበት። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ነፋስ የሚነሳው ከቀትር በኋላ ነው፤ ታንኳ ያለው ሰው ማልዶ የሚወጣውም ለዚህ ነው። «ልጅቱ ተስፋ ቆርጣ ሄደች» የሚል ወሬ ለወንበዴው ልክ በቀትር ይድረሰው። ሌላ ቀን አያገኝ መስሎት በዚያ በከበደ ታንኳ ከሐይቁ ዳር ወዳለችው ዘጌ ይነሳል። ክታቡ ከብረት ይጠብቀዋል እንጂ ከውኃ ይጠብቀዋል አላሉም።

ሰይፏን ሳትመዝ ያልቃል ብለው አይዘኑ፤ ልጆቹን ጠይቄ ነው፣ ወደውታል። የሚቀጥለውን ደብተር ሰው ሲመጣ ይላኩልን። እርሳሱ መንገድ ላይ ስለሚደበዝዝ በእስክሪብቶ ይጻፉ።

ልጅዎ፣ ከባሕር ዳር