ፎቶዋ የተራራዋ በርኔት አይደለችም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በቅርቡ በጉዞ ገጻችሁ ስለ ስኮትላንድ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ስለ ኬርንጎርም ተራሮች በአማርኛ ተጽፎ ማንበብ ብዙ ጊዜ አያጋጥመኝም። ቅር ያለኝ ፎቶው ነው። ቀይ ነጠብጣብ ያላት ጥቁር የእሳት እራት ሐምራዊ አበባ ላይ አርፋ ትታያለች። ከሥሩ «በብሬማር ተራሮች ብቻ የምትገኘው ብርቅዬዋ የተራራ በርኔት» ተብሎ ተጽፏል። (ብሬማር በኬርንጎርም አካባቢ ያለ መንደር ነው፤ በርኔት ደግሞ በቀን የሚበርሩ የእሳት እራቶች ወገን መጠሪያ ነው።) ይህ ስህተት ነው። በፎቶው ላይ ያለችው ባለ ስድስት ነጥብ በርኔት ናት። እሷ ደግሞ በብሪታንያ ሜዳዎችና የባሕር ዳርቻዎች በበጋ፣ ማለትም በአገሩ ሞቃት ወቅት፣ እንደ ልብ ትገኛለች።

የምኖረው አበርዲን ነው። እንጀራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው፤ የነፍሳት ተመራማሪ አይደለሁም። የበጋ ዕረፍቴን ግን ብሬማር አካባቢ ወጥተው የእሳት እራት ከሚቆጥሩ በጎ ፈቃደኞች ጋር ነው የማሳልፈው። የተራራዋን በርኔት አበባ ላይ ጎንበስ ብዬ ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ፤ እወዳታለሁም። ስሟ ለሌላ ሲሰጥ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከቦታው ልነሳ። ጽሑፋችሁ ራሱ ፎቶው የተነሳው በባሕር ዳርቻ የእግር መንገድ ላይ ነው ይላል። የተራራዋ በርኔት በስኮትላንድ የምትኖረው ከ700 ሜትር ከፍታ በላይ ነው፤ ነፋስ ዕፅዋቱን ሁሉ መሬት ላይ ባስተኛበት ገላጣ ቦታ። ትሏ በዋናነት የምትበላው ክሮውቤሪ የተባለ፣ ጥቁር ፍሬ የሚያፈራ ድንክ ቁጥቋጦ ነው። ባለ ስድስት ነጥቧ በአንጻሩ የምታድገው ቢጫ አበባ ባለው፣ የአተር ዘመድ በሆነ የሜዳ ተክል ላይ ነው። ፎቶውን ሳያዩ እንኳን ቦታው ብቻ ያስጠረጥራል።

ቀጥሎ ነጥቦቹ። በተራራዋ የፊት ክንፍ ላይ አምስት ቀይ ነጥቦች አሉ፤ ሁለት፣ ሁለት፣ ከዚያ ጫፉ ጋ አንድ። በእናንተ ፎቶ ላይ ስድስቱም ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ነጥብ መቁጠር ብቻውን ግን አያስተማምንም። ባለ ስድስት ነጥቧ አንዳንዴ የጫፎቹ ሁለት ነጥቦች ተዋህደው አምስት ያላት ትመስላለች። ስለዚህ እኔ ከነጥቦቹ ይልቅ የማምነው ክንፉን ነው። የተራራዋ በርኔት ክንፍ ቅርፊቱ ስስ ነው፤ ብርሃን ያሳልፋል፤ ዘይት የነካው ወረቀት ይመስላል። ሴቷ በክንፏ ሥሮች ላይ ፈዘዝ ያለ ቢጫማ መስመር፣ አንገቷ ላይም ነጣ ያለ ጸጉር አላት። ሰውነቷ ጸጉራም ነው። ባለ ስድስት ነጥቧ ደግሞ ወፍራምና አንጸባራቂ ክንፍ አላት፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ሰማያዊና አረንጓዴ ያበራል። የእናንተ ፎቶ ላይ ያለው ይኸው ነው።

ጽሑፉ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ «ቢራቢሮ» ተብላለች። ይህን ብዙ ሰው ይለዋል፤ አልፈርድም። በርኔቶች በቀን ፀሐይ ይበርራሉ፤ አንቴናቸውም ወደ ጫፉ ይወፍራል። ይሁንና የእሳት እራቶች ናቸው። በቀን ስለሚበርሩም ሌሎችን የእሳት እራቶች ለመቁጠር ማታ የምንተክለው የብርሃን ወጥመድ ለእነሱ አይረዳም። ፀሐይ ጠብቆ ተራራ መውጣት ግድ ነው። ብሬማር ላይ ደግሞ ፀሐይ ለምኖ ነው የሚገኘው።

ከፎቶው ሥር ያለው ጽሑፍ ሌላም ስህተት አለው። የተራራዋ በርኔት በብሬማር ብቻ የምትገኝ አይደለችም። ከብሪታንያ ውስጥ በዚያ አካባቢ ብቻ ትገኛለች ማለት ይቻላል። ዝርያዋ ግን በፒሬኔስ፣ በአልፕስና በስካንዲኔቪያ ተራሮችም አለች፤ አልፎም በእስያ እስካሉት የአልታይ ተራሮች ድረስ ትዘልቃለች። ሳይንሳዊ ስሟ ዛይጌና ኤክሱላንስ ነው። በ1792 ስም ያወጣላት ሆሄንዋርት የተባለ ኦስትሪያዊ ቄስና የተፈጥሮ ተመራማሪ ነው፤ ከአልፕስ ባገኛት ናሙና ላይ ተመሥርቶ። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የስኮትላንዶቹ ከእነዚያ ዘመዶቻቸው ተነጥለው የቀሩ ናቸው። ስኮትላንዳዊው ቡካናን ኋይት በ1872 ሱብኦክራሲያ የሚል የተለየ ስም ሰጣቸው፤ ዛሬ እንደ ንዑስ ዝርያ ይቆጠራሉ። ስለዚህ ትክክለኛው አባባል «የብሬማሩ ንዑስ ዝርያ ሌላ ቦታ የለም» ነው። ዝርያና ንዑስ ዝርያ ሲደባለቁ ዓለም ላይ ያላት ስርጭት በአንድ ዐረፍተ ነገር ወደ አንድ መንደር ይጠባል።

የስም ታሪኩን ካነሳሁ አይቀር ትንሽ ልጨምር፤ እኔን በጣም ስለሚማርከኝ ነው። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ በ1758 ባለ ስድስት ነጥቧን ስፊንክስ ከሚባሉት ትልልቅ የእሳት እራቶች ጋር ደባለቃት። ዛይጌና የሚለውን የጂነስ (ተቀራራቢ ዝርያዎችን የሚያቅፍ ምድብ) ስም ያወጣው የነፍሳት ተመራማሪው ፋብሪሲየስ ነው፤ በ1775። ኋላ ፈረንሳዊው የእንስሳት ተመራማሪ ኩቪየር ያንኑ ስም በ1816 ለመዶሻ ራስ ሻርክ ሰጠው። በእንስሳት አሰያየም ሕግ የቀደመ ስም ስለሚጸና ስሙ ለእሳት እራቷ ጸና፤ ሻርኩ ሌላ ስም ፈለገ። በመጻሕፍት ላይ የሆሄንዋርት ስም በቅንፍ ውስጥ የሚጻፈውም ለዚህ ዓይነት ታሪክ ነው። ቅንፉ «መጀመሪያ የተሰየመችው በሌላ ጂነስ ሥር ነበር» ማለት ነው። ይህን ያወቀ አንባቢ ከአንዲት ቅንፍ ብዙ ያነባል።

«ታዲያ በፎቶ ስም መስጠት አይቻልም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አንዳንዱን ይቻላል። የእናንተን ፎቶ እኔ የለየሁት በፎቶ ነው። አንዳንዱን ግን ጭራሽ አይቻልም። ዛይጌና ፑርፑራሊስና ዛይጌና ሚኖስ ሲያድጉ በመልክ አይለዩም። የአንዷ ትል ጦስኝ ትበላለች፤ የሌላዋ ትል የአኒስ ዘመድ የሆነ ተክል ትበላለች። ትሏን ያላየ ሰው የመራቢያ አካላቸውን በማይክሮስኮፕ ማየት አለበት። ዛይጌና ሎኒሴሬና ዛይጌና ትሪፎሊ የተባሉት ባለ አምስት ነጥብ በርኔቶችም እንዲሁ ያስቸግራሉ፤ የአንዷ ትል ጸጉር ረጅም፣ የሌላዋ አጭር መሆኑ ነው የሚያግዘው። ከ2003 ወዲህ ደግሞ ተመራማሪው ፖል ሄበርት ያስተዋወቀው የዲኤንኤ ባርኮድ፣ ማለትም ዝርያን ከአጭር የዲኤንኤ ክፍል የሚለይ ዘዴ፣ አለ። ጠቃሚ ነው፤ ግን የሚወዳደርበት በትክክል የተሰየመ ናሙና ከሌለ ምንም አይነግረንም። የስልክ መተግበሪያዎችም ያው ናቸው። የሚሰጡትን ስም እንደ ጥቆማ ልትወስዱት ትችላላችሁ፤ እንደ ፍርድ ግን አይሁን። ጥርጣሬ ካለ «በርኔት» ብሎ ማቆም ይቻላል። ይህ ሐቀኛ መልስ ነው፤ ለአንባቢም ምንም አያጎድልም።

ይህን ያህል የምከራከረው ያለ ምክንያት አይደለም። የተራራዋ በርኔት ኑሮዋ አስጊ ነው። ትሏ አድጋ ለመብረር ከአንድ በላይ የስኮትላንድ ብርዳማ ክረምት ማሳለፍ ሊኖርባት ይችላል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ክሮውቤሪው በእሳት ከተቃጠለ ወይም በረጃጅም ዕፅዋት ከተዋጠ መሄጃ የላትም። አየሩ ሲሞቅ ከፍ ወዳለ ቦታ ትሂድ እንዳይባል፣ ያለችው ኮረብታው አናት አካባቢ ነው። የት እንዳለች የምናውቀው ሰዎች በሚያስመዘግቡት ነው፦ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ማን አየ። ከእነዚህ አንዱ ከተሳሳተ መረጃው ይበላሻል። «ባሕር ዳርቻም አየናት» የሚል መዝገብ ከበዛ፣ ደህና ናት ተብሎ ጥበቃው ሊላላ ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ ጋዜጣችሁን ይዞ ብሬማር የሚወጣ አንባቢ የሚፈልገው አንጸባራቂዋን ባለ ስድስት ነጥብ ይሆናል። እውነተኛዋን በአጠገቡ ቢያያት አይለያትም።

ስለዚህ እርማት እንድታወጡ እጠይቃለሁ። ከፎቶው ሥር «ባለ ስድስት ነጥብ በርኔት (ዛይጌና ፊሊፔንዱሌ)፣ የስኮትላንድ ባሕር ዳርቻ» ይባል። ፎቶው የተነሳበት ወርና የዳርቻው ስም ቢጨመር ደግሞ ለመዝጋቢዎች ይጠቅማል፤ ያነሳው ሰው ሳያስታውሰው አይቀርም። የተራራዋን በርኔት ፎቶ ከፈለጋችሁ ከፍታውና ቀኑ የተጻፈበት አለኝ፤ ያለ ክፍያ እልክላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከአበርዲን