ግልጽ ደብዳቤ፦ የመርዛማ ኬሚካል መጋዘኖች ጽዳት ውል ከበጋው በፊት ይዘጋጅ

ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን እና ለመንግሥት ግዥና ንብረት ባለሥልጣን የሥራ ኃላፊዎች

ክቡራን፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የምጽፍላችሁ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ፣ ዲዲቲ እና የተመረዘ አፈር ስላለባቸው መጋዘኖች ነው። እነዚህን ቦታዎች ለማጽዳት የሚፈጸመው ግዥ በጣም ይዘገያል። ሲዘገይ ደግሞ ጥፋቱ በአንድ ሠራተኛ ወይም በአንድ ኮሚቴ ላይ ይላከካል። እኔ ግን ችግሩ ሌላ ቦታ ነው ባይ ነኝ። የግዥ አሠራራችን ለዚህ ዓይነት ሥራ በልኩ አልተሰፋም። ሁለታችሁ መሥሪያ ቤቶች ቁጭ ብላችሁ ከተነጋገራችሁ ማስተካከል ትችላላችሁ። ለዚህ ነው ለሁለታችሁም በአንድ ደብዳቤ የጻፍኩት።

ሙያዬ ዕፅዋት ጥበቃ ነው። በግብርና ጽሕፈት ቤት የሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነው የምናገረው።

ለማያውቅ አንባቢ ታሪኩን ባጭሩ ላንሳ። አገራችን ለአንበጣ፣ ለተምች፣ ለጥጥ ተባይና ለወባ ትንኝ መከላከያ ለአሥርት ዓመታት ኬሚካል ስታስገባ ኖራለች። ብዙው በእርዳታ የመጣ ነው። አንበጣው ከሄደ በኋላ የደረሰ አለ። ከሚፈለገው በላይ የተላከ አለ። በርሜሉ ላይ ያለው ጽሑፍ በባዕድ ቋንቋ ስለሆነ ማንም ሳይነካው የቀረ አለ። ያ ሁሉ በየወረዳውና በየመንግሥት እርሻው መጋዘን ተከማቸ። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግድም ሲቆጠር፣ 3,000 ቶን ገደማ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ 1,000 በሚጠጉ ቦታዎች ተገኘ። በአፍሪካ ካሉት ትልልቅ ክምችቶች አንዱ ነበር። ከዚያ ውስጥ 1,500 ቶን ገደማ ታሽጎ፣ በጂቡቲ በኩል ወጥቶ ፊንላንድ ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት ተቃጠለ። ቀጥሎ ጊዜው ያለፈበትን ፀረ ተባይ ከአህጉሩ ለማስወገድ የአፍሪካ ክምችቶች ፕሮግራም ሲጀመርም ኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ 7 አገሮች አንዷ ነበረች። የተሠራው ሥራ ትልቅ ነው። ጭምብል አጥልቀው በዚያ ሙቀት በርሜል ሲቀይሩ የዋሉ ኢትዮጵያውያን ምስጋና ይገባቸዋል።

ሥራው ግን በአብዛኛው በለጋሾች ገንዘብና በለጋሾች የግዥ ደንብ የተሠራ ነው። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ያ አሠራር አብሮ ሄደ። በእኛ በጀትና በእኛ አዋጅ ተመሳሳይ ሥራ በፍጥነት የምናሠራበት መንገድ አልተተከለም። ኬሚካሉ ግን ዛሬም ይገባል፤ ዛሬም ጊዜው ያልፍበታል። በርሜሉ የተነሳበት ወለልና ከወለሉ ሥር ያለው አፈርም እዚያው ነው።

መዘግየት ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ። የፀረ ተባይ በርሜል ቆርቆሮ ነው፤ ይዝጋል። መጀመሪያ ታችኛው ጠርዝ ላይ ይላባል። ከዚያ ይንጠባጠባል። ከላይ የተደረደረው በርሜል ታችኛውን ይጫነዋል፤ ሁለቱም ይፈሳሉ። የተለያዩ ኬሚካሎች ወለል ላይ ሲደባለቁ ምን እንደሆኑ በላቦራቶሪ ካልሆነ አይታወቅም። ከረጢቱ ይበሰብስና ዱቄቱ ከአቧራ ጋር ይቀላቀላል። ጣሪያው ካፈሰሰ ክረምቱ ያንን ሁሉ ጠራርጎ ወደ አፈር ይወስደዋል። ዛሬ በርሜል በመቀየር የሚያልቅ ሥራ ከሁለትና ሦስት ክረምት በኋላ አፈር መቆፈር ይሆናል። 1 ቶን ኬሚካል የነበረው ብዙ ቶን የተመረዘ አፈር ይሆናል፤ ያም ሁሉ መታሸግ፣ መጓጓዝ፣ መቃጠል አለበት። ዲዲቲና ዲልድሪን የተባሉት የቆዩ ፀረ ተባዮች ደግሞ እንደዋዛ የሚጠፉ አይደሉም። አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያሉ። በሣሩ በኩል ወደ ላሟ፣ ከላሟ ወደ ወተቱ ይሄዳሉ። ባዶ በርሜል ሲገኝ ታጥቦ ውኃ የሚቀዳበት ቤትም ብዙ ነው። እናቶች ይህን የሚያደርጉት ማን ነግሯቸው ነው ብዬ አልወቅስም። ማስቀመጫ ውድ ነው፤ በርሜሉ ላይ ያለውን ምልክት ያስረዳቸው የለም።

አሁን ወደ ግዥው ልምጣ።

ይህ ሥራ የበጋ ሥራ ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ካልተሠራ መንገዱም፣ መጋዘኑም አይመችም። የበጀት ዓመታችን ግን ሐምሌ 1 ይገባል። እስቲ አንድ መጋዘን እንውሰድ። በጀቱ ሐምሌ ላይ ተፈቀደ እንበል። ነሐሴ ላይ ባለሙያ ሄዶ እንዳያይ ዝናብ ነው። መስከረም አልፎ የሥራው ዝርዝር መግለጫ (ስፔሲፊኬሽኑ) ጥቅምት ላይ ተጻፈ። ግዥ ክፍሉ «ብዛቱ አልተገለጸም» ብሎ መለሰው። ታርሞ ታኅሣሥ ላይ ጨረታው ወጣ። ከውጭ አገር ተጫራች ስለሚፈለግ በቂ ጊዜ ተሰጠ። የቴክኒክ ግምገማ፣ የዋጋ ግምገማ፣ ቅሬታ፣ የውል ማስከበሪያ፤ ሚያዝያ ደረሰ። አሸናፊው ደረጃውን የጠበቀ በርሜልና የመከላከያ ልብስ ለማስገባት በባንክ የውጭ ክፍያ ዋስትና (ኤል ሲ) ይከፍታል። ዕቃው ሳይደርስ ሰኔ 30 መጣ። ያልተከፈለው በጀት ተመላሽ ሆነ። ሐምሌ ላይ ደግሞ ከዜሮ። በዚህ መሀል ሕግ የጣሰ ሰው የለም። ሁሉም እንደ መመሪያው ሠርቷል። በርሜሉ ግን አንድ ክረምት ጨመረ።

ይህን ማሳጠር ይቻላል። አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። በግዥ ሕጋችን ውስጥ አንድ ጊዜ ተወዳድሮ ዋጋው ከተወሰነ በኋላ እንደ አስፈላጊነቱ የሚታዘዝበት የማዕቀፍ ስምምነት የሚባል አለ። መሥሪያ ቤቶች ወረቀትና ቶነር የሚገዙት በእሱ ነው። ለአደገኛ ቆሻሻ ጽዳትም ለምን አንጠቀምበትም? አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ፍላጎቱን ከግብርና፣ ከጤናና ከክልሎች ሰብስቦ አንድ ግልጽ ዓለም አቀፍ ጨረታ ይውጣ። ብቁ የሆኑ ጥቂት ድርጅቶች ይመረጡ። የሰው ኃይሉ፣ የበርሜሉ፣ የጭነቱ፣ የማቃጠሉ ዋጋ በቶንና በሜትር ኩብ አስቀድሞ ይወሰን። ከዚያ የሚያፈስ መጋዘን ሲገኝ ጨረታ የለም፤ የሥራ ትእዛዝ ብቻ ነው። ውድድሩ ተካሂዷል። ዋጋው ይታወቃል። ሥራው በሳምንታት ውስጥ ሊጀመር ይችላል።

በነጠላ ዋጋ መዋዋሉ ሌላም ትልቅ ነገር ይፈታል። የጽዳት ሥራ ላይ ሁሌም የምንጣላው በብዛት ነው። ስንት ቶን? ማንም አያውቅም። ወለሉ እስኪነሳ አፈሩ ምን ያህል ጥልቀት እንደተመረዘ አይታይም። በጥቅል ዋጋ የሚዋዋል ድርጅት ወይ ስጋቱን አስልቶ ዋጋውን ያንረዋል፣ ወይ አሳንሶ ገብቶ መሀል ላይ ጭማሪ ይጠይቃል። ጭማሪው ይፈቀድ አይፈቀድ ሲባል ጉድጓዱ እንደተከፈተ ይከርማል። በቶን የተዋዋለ ድርጅት ግን ባወጣው ልክ ይከፈለዋል። በእርግጥ ይህ ጠንካራ ተቆጣጣሪ ይፈልጋል። የሚመዝነውና የሚፈርመው ባለሙያ ከሥራ ተቋራጩ ነፃ መሆን አለበት። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ አይቆጭም።

ቀጥሎ አደገኛ ቆሻሻ ከአገር ወደ አገር ሲላክ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፉ የባዝል ስምምነት አለ። ኢትዮጵያ በ2000 እ.ኤ.አ. የገባችበት ነው። እኛ ይህን ዓይነት መርዝ በአግባቡ የሚያቃጥል ልዩ ምድጃ የለንም፤ ስለዚህ አብዛኛው ወደ ውጭ ይላካል። ሲላክ ተቀባዩ አገርም መተላለፊያው አገርም በጽሑፍ መፍቀድ አለባቸው። መተላለፊያው አገር መልስ ለመስጠት 60 ቀን አለው። ደግሞም ፈቃዱ እንዲሰጥ በላኪውና በሚያስወግደው ድርጅት መካከል ውል መኖሩ መረጋገጥ አለበት። ይህችን ነጥብ አስቡልኝ። ውል ከሌለ ፈቃድ የለም። እኛ ለያንዳንዱ መጋዘን አዲስ ጨረታ ስናወጣ የፈቃዱ ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው ከጨረታው በኋላ ነው። የማዕቀፍ ውል ካለ ግን ማሳወቂያው በማግስቱ ሊላክ ይችላል። ስምምነቱ ተመሳሳይ ባሕርይ ያለው ቆሻሻ ወደ አንድ ተቀባይ በተደጋጋሚ ሲላክ፣ ላኪው አገር ሌሎቹን አስፈቅዶ እስከ 12 ወር የሚያገለግል አጠቃላይ ማሳወቂያ እንዲጠቀምም ይፈቅዳል። ወራት የምናተርፍበት ቦታ ይህ ነው።

የሲሚንቶ ፋብሪካ ምድጃ ላንዳንዱ ቆሻሻ መፍትሔ ሊሆን እንደሚችል አውቃለሁ። ሙቀቱ ከ1,400 ዲግሪ በላይ ነው፤ በሌሎች አገሮችም ተሠርቶበታል። ይጠና። እስኪጠና ግን የሚያፈሰው በርሜል አይጠብቅም።

«አስቸኳይ ከሆነ ሕጉ ቀጥታ ግዥ ይፈቅድ የለ?» የሚል ይኖራል። በወረቀት አዎ። ነገር ግን ኦዲተሩ መጥቶ ይጠይቃል፦ «ይህ መጋዘን እንደሚያፈስ ከዓመታት በፊት ሪፖርት ተደርጓል፤ እንዴት ድንገተኛ ሆነ?» ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የትኛው ኃላፊ ነው በዚህ ላይ የሚፈርመው? እኔም ያለ ውድድር በሚሰጥ ውል አላምንም። እንዲህ ያለ ሥራ ውድ ነው፤ አመዛኙ ተቆጣጣሪ በሌለበት ገጠር ይሠራል፤ ለሌብነትም ክፍት ነው። አጭበርባሪ እጅ ከገባ መርዙ ወደ ጎረቤት ገደል ይጣላል። ስለዚህ ፍጥነቱ ውድድሩን አስቀድሞ ከመጨረስ ይምጣ።

የሌላ አገር ልምድ ካስፈለገ አሜሪካኖች ላቭ ካናል በሚባል ሰፈር ሥር የተቀበረ መርዝ ከወጣ በኋላ በ1980 እ.ኤ.አ. ሱፐርፈንድ የተባለውን ሕግ ሲያወጡ ሥራውን ለሁለት ከፍለውታል። አንደኛው አስቸኳይ ማስወገድ ነው፤ በርሜሉን አንሳ፣ ፍሳሹን አቁም፣ አጥር። ሁለተኛው የረጅም ጊዜ ጽዳት ነው፤ ጥናት ያለው፣ ዓመታት የሚወስድ። ለአስቸኳዩ አስቀድሞ የተፈረመ ውል አላቸው። ቦታው ላይ ያለው አስተባባሪ በዚያ ውል ሥር ሥራ ያዛል። እነሱም በረጅሙ ሥራ ላይ ብዙ ይዘገያሉ፤ ይወቀሱበታልም። ሥራውን ለሁለት መለየታቸው ግን ትክክል ነው። እኛ ሁለቱን አንድ ላይ አስረን፣ ጥናቱ እስኪያልቅ በርሜሉንም እናስጠብቃለን።

ግዥ ሲዘገይ የሚመጣውን ጉዳት እኛም ከራሳችን ልምድ እናውቃለን። የአፈር ማዳበሪያ ሲዘገይ ምን እንደሚሆን በ2015 ዓ.ም. አይተናል። ከዚያ ወዲህ ግዥው ከወቅቱ ቀድሞ እንዲጀመር ተደርጓል። ሲፈለግ ይቻላል ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ስለ በጀት ዓመቱ ነው። ለዚህ ሥራ የተያዘ ገንዘብ ሰኔ 30 ላይ እንዳይቋረጥ ከገንዘብ ሚኒስቴር ጋር ተነጋገሩ። የብዙ ዓመት ውል ለመንገድ ይፈረማል፤ ለዚህም ይፈረም። የንብረት አወጋገዱም መልክ ይያዝ። በመዝገብ ላይ «ንብረት» ሆኖ የተቀመጠን የሞተ ኬሚካል ግምጃ ቤቱ በራሱ ሊያስወግድ አይችልም፤ የአወጋገድ ውሳኔ ይጠብቃል። ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ በአንድ ደብዳቤ ከመዝገብ ወጥቶ በአዋጅ ቁጥር 1090/2010 መሠረት እንደ አደገኛ ቆሻሻ የሚያዝበት አጭር መመሪያ አውጡ።

ጉዳዩ የፀረ ተባይ ብቻም አይደለም። በአሮጌ ትራንስፎርመሮች ዘይት ውስጥ ያለው ፒሲቢ የተባለ መርዛማ ኬሚካል አለ። በቀላሉ የማይጠፉ መርዛማ ኬሚካሎችን የሚመለከተው ዓለም አቀፉ የስቶክሆልም ስምምነት ይህን በአግባቡ ለማስወገድ ያስቀመጠው ጊዜ 2028 እ.ኤ.አ. ነው። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በ2003 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች። ያ ዘይት ከተጣለ ትራንስፎርመር እየተቀዳ ወደ ብየዳ ማሽን ሲገባ በያጁ ምን እንደነካ አያውቅም። አሁን ባለው የግዥ ፍጥነት ለ2028 አንደርስም። ያው የማዕቀፍ ውል ለዚህም ያገለግላል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ሁለታችሁም ባለሙያ መድባችሁ፣ ግብርናንና ጤናን ጨምራችሁ፣ የማዕቀፍ ጨረታውን ሰነድ በዚህ በጀት ዓመት አዘጋጁ። በአዲሱ የግዥ አዋጅ ቁጥር 1333/2016 ሥር የሚያስፈልግ መመሪያ ካለ አብራችሁ አውጡ። የታወቁ ቦታዎችን ዝርዝር፣ ምን እንዳለባቸውና መቼ እንደሚጸዱ ለሕዝብ ይፋ አድርጉ፤ አጠገባቸው የሚኖረው ሕዝብ የማወቅ መብት አለው። ውሉ እስኪፈረምም የሚያፈሱት መጋዘኖች ቢያንስ ጣሪያቸው ይጠገን፣ ይታጠሩ፣ ጥበቃ ይቀጠርላቸው። ይህኛው ሥራ በወረዳ በጀትና በአነስተኛ ግዥ የሚያልቅ ነው፤ ነገ መጀመር ይችላል።

መልሳችሁን በይፋ ብትሰጡ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ