ድንጋዩን ከመቀየራችሁ በፊት ውስጡ ያለውን አውጡ

ጤና ይስጥልኝ፣ የጋዜጣው አዘጋጆች።

የቴክኖሎጂ ዓምዳችሁን ሳላነብ አላልፍም። አዲስ ስልክ፣ አዲስ መኪና፣ አዲስ አፕ ሁሌም አለ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ አሮጌ ነገር ነው፤ በየቤቱ ቤዝመንትና መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ ስለቀረ የጌም ቦይ ካሴት። ጌም ቦይ ልጆች በእጃቸው ይዘው ይጫወቱበት የነበረ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ መጫወቻ ነው፣ ካሴቱ ደግሞ ጨዋታውን የያዘ፣ እሱ ላይ የሚሰካ ዕቃ። ትክክለኛ ስሙ ካርትሪጅ ነው፣ እኛ ቤት ግን ካሴት ነበር የምንለው፣ ዛሬም አፌ አልተመለሰም። እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ሰው ቤቱን ያጸዳል፣ የልጆቹን የድሮ ዕቃ በካርቶን እየሞላ ያወጣል። ከዚያ በፊት ይድረስልኝ ብዬ ነው።

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ከወጡት የጌም ቦይ ካሴቶች ብዙዎቹ ሆዳቸው ውስጥ የሰዓት ባትሪ የመሰለች ክብ ድንጋይ አለች። ጨዋታው ራሱ ድንጋይ አይፈልግም፣ ለዘለቄታው ቺፕ ላይ ታትሟል። ልጁ የደረሰበት ደረጃ፣ ያወጣው ስም፣ ወራት ፈጅቶ የሰበሰበው ሁሉ ግን የሚቀመጠው ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት ሁሉንም በሚረሳ ሌላ ቺፕ ላይ ነው። ጌም ቦዩ ሲበራ ቺፑ ከጌም ቦዩ ይመገባል። ሲጠፋ ከዚያች 3 ቮልት ድንጋይ። የሚስበው ኢምንት ስለሆነ ድንጋይዋ ብዙ ዓመት ትቆያለች፣ ግን አንድ ቀን ታልቃለች። ያለቀች ቀን ካሴቱ እንደ ወትሮው ይነሳል፣ ሙዚቃውም ይጫወታል። "ቀጥል" የሚለው ምርጫ ብቻ ከስክሪኑ ላይ ይታጣል።

እኛ አሜሪካ የገባነው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። አባባ ቀን ታክሲ ይነዳ ነበር፣ ማታ ፓርኪንግ ይሠራል። በዚያው ዓመት አንድ ሰው ደጃፉ ላይ ከዘረጋው የሚሸጥ ዕቃ መሃል ያገለገለ ጌም ቦይና ፖኬሞን ሬድ የሚባል፣ ልዩ ልዩ ፍጡሮችን እየያዙ የሚሰበስቡበት ጨዋታ ካሴት ገዝቶ መጣ። ለሁለት ወንድማማች አንድ። ያ ካሴት ደግሞ የሚይዘው የአንድ ሰው ሴቭ፣ ማለትም የተቀመጠ ጨዋታ፣ ብቻ ነው፤ አንዱ አዲስ ጀምሮ ሴቭ ካደረገ የሌላው ጠፋ ማለት ነው። ገና ሲጀመር ስም ይጠይቃል። በማን ስም ይሁን ብለን ሁለት ቀን ተጣላን። በመጨረሻ እማማ "በአባታችሁ ስም አድርጉት፣ የሁለታችሁም ነው" አለችና ነገሩን ቆረጠችው። ጨዋታው ከ7 ፊደል በላይ አይቀበልም። ተስፋዬ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ልክ 7 ነው። ገባ! ውሻ የምትመስለዋን ግሮውሊዝን ስንይዝ ደግሞ ቡቺ አልናት፣ አዲስ አበባ አያታችን ግቢ ጥለነው በመጣነው ውሻ ስም።

በኋላ ፖኬሞን ጎልድ ተጨመረ። እሱንም በተስፋዬ ስም ጀመርነው። ጎልድ የሚለየው ውስጡ ሰዓት አለው፤ ውጭ ሲመሽ ጨዋታው ውስጥም ይመሻል፣ ጌም ቦዩ ጠፍቶ መሳቢያ ውስጥ ቢከርምም ሰዓቱ ይቆጥራል። ያን ሰዓት የምታስኬደው ያችው ድንጋይ ናት። ለዚህ ነው ጎልድና ሲልቨር ከቀደሙት ከሬድና ከብሉ ቀድመው የሚሞቱት። ቤታችሁ ያለው ጎልድ ወይም ሲልቨር ከሆነ ጊዜ የላችሁም፣ ዛሬውኑ አብርታችሁ እዩት።

አባባ ካረፈ በኋላ ዕቃውን ስናስተካክል ሁለቱንም ካሴቶች አገኘናቸው። ሁለቱም ሴቫቸው አለ። ተስፋዬ ይላል፣ ሁለቱም ላይ። የጎልድ ሰዓት ግን ተዛብቶ ነበር፣ ድንጋይዋ መድከሟ ገባኝና ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። "ድንጋዩን ቀይርልኝ" አልኩ፣ ሰውየው ቀየረልኝ። ብየዳው ንጹሕ ነው፣ ሥራው ላይ እንከን አላየሁም። ቤት ገብቼ ሳበራው "አዲስ ጨዋታ" ብቻ። ተመልሼ ሄድኩና ሴቩስ አልኩት። "ድንጋዩ ሲነሳ እኮ ይጠፋል" አለኝ፣ ቀለል አድርጎ።

ልክ ነው፣ ይጠፋል። ያኔ እኔ አላውቅም ነበር፣ እሱ ግን ያውቃል። ከመክፈቱ በፊት "ውስጡ ያለውን ትፈልገዋለህ?" ቢለኝ መልሱ አንድ ቃል ነበር። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚያች አንዲት ጥያቄ ብዬ ነው። ጥገና የምትሠሩ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ጠይቁ። አሠሪዎችም ሳትጠየቁ ተናገሩ።

ሬድን ለማንም አልሰጠሁም። መጀመሪያ ካሴት የሚያነብ፣ በዩኤስቢ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ትንሽ ዕቃ ገዛሁ፤ እኔ የተጠቀምኩት ጂቢኤክስካርት የሚባለውን ነው። ካሴቱን ሰክቼ ሴቩን ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኩ። 32 ኪሎባይት። በስልካችሁ የምታነሱት አንድ ፎቶ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የሁለት ልጆች ሙሉ ክረምት እዚያች ውስጥ ነው ያለው። በኢሜይል ለወንድሜም ላክሁለት፣ አንድ ቦታ ብቻ እንዳይቀር።

ከዚያ ወደ መክፈቱ። ከኋላ አንዲት ብሎን አለች፣ ተራ ካቻቢቴ አይፈታትም፣ 3.8 ሚሊሜትር የሆነ ለእሷ የተሠራ መፍቻ አለ፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። በቢላዋ የሚታገሉ አይቻለሁ፣ ፕላስቲኩን ሰንጥቀውት ቀሩ። ብሎኗ ስትወጣ የፊት ክዳኑን ወደ ታች ገፋ ማድረግ ነው፣ ይለቃል። ድንጋይዋ ቦርዱ ላይ በሁለት ቀጫጭን የብረት ምላሶች ተበይዳ ተቀምጣለች። ቴስተር ደቀንኩባት፣ 2.7 ቮልት። ከ20 ዓመት በላይ ያችው ናት፣ አባባ የገዛት ቀን የነበረችው።

አዲስ ስትገዙ አሮጌዋ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ተከተሉ። ጎልድ ላይ ያለችው ሲአር 2025 ናት፤ 20 ሚሊሜትር ስፋት፣ 2.5 ሚሊሜትር ውፍረት ማለት ነው ቁጥሩ። ዋናው ነገር ምላሶቿ ከፋብሪካ የተጣበቁላትን መግዛት ነው። ራሷ ድንጋይዋ ላይ መበየጃ አታሳርፉ፣ ሙቀቱ ሊያፈነዳት ይችላል። ቦርዱ ላይ ፕላስና ማይነስ ተጽፏል፣ እንዳይገለበጥ። በፕላስተር አጣብቀው የሚተዉም አሉ። ያ አይሆንም፤ ካሴቱ አንድ ጊዜ ከጠረጴዛ ሲወድቅ ንክኪው ለቅጽበት ይለቅና ሴቩ ይሄዳል። ጌም ቦዩን እንዳበሩ፣ ቺፑ ከእሱ እየተመገበ ሳለ የሚቀይሩም አሉ። ይቻላል፣ ግን እጃችሁ ካልረጋ አልመክርም። አሮጌዋን ደግሞ ፕላስተር ጠቅልላችሁ ሕፃን ከማይደርስበት አስቀምጡ፣ ኋላም ባትሪ ወደሚሰበሰብበት ውሰዱ። ሕፃን ከዋጣት ጉሮሮን በሁለት ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ልታቃጥል ትችላለች፣ ቀልድ አይደለም።

ሁሉም ካሴት ድንጋይ የለውም፣ ሳያስፈልግ አትክፈቱ። የጌም ቦዩ ቴትሪስ የለውም፣ ምንም አያስቀምጥምና። በኋላ የመጡት የጌም ቦይ አድቫንስ ካሴቶች ፖኬሞን ሩቢና ሳፋየር ደግሞ ድንጋይ አላቸው፣ ግን ለሰዓቱ ብቻ ነው፤ ሴቩ ያለ ኤሌክትሪክ የሚቆይ ቺፕ ላይ ነው። ሲበሩ ባትሪው አልቋል የሚል ጽሑፍ ቢያወጡ አትደንግጡ። ጨዋታው ውስጥ የተተከለው ፍሬ አያድግም እንጂ የልጃችሁ ነገር አልጠፋም።

"ከኢንተርኔት አውርደህ አትጫወትም ወይ?" የሚሉኝ አሉ። ጨዋታው የትም ይገኛል፣ እሱን አላጣሁም። ቡቺን ግን ከየት አወርዳለሁ?

ሬድን ስጨርስ ሴቩን መልሼ ጫንኩበትና ሚኒሶታ ላለው ወንድሜ በቪዲዮ ደወልኩ። ካሴቱን ነፋ አደረግሁት፣ እንደ ልጅነታችን፣ ባያስፈልግም። አበራሁት። "ቀጥል" አለ። ተጫንኩት። ተስፋዬ፣ 143 ሰዓት። ወንድሜ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፣ ከዚያ "ቡቺን አሳየኝ" አለኝ። አሳየሁት። ከልጆቹ አንዷ በትከሻው አሻግራ እያየች ተስፋዬ ማነው ስትል ሰማሁ፣ እሱም ስልኩን አስቀምጦ ይነግራት ጀመር።

አዘጋጆች ሆይ፣ አንድ ቅዳሜ በኮሚዩኒቲው አዳራሽ ቦታ ብታመቻቹና በጋዜጣችሁ ብትነግሩልን፣ ማንበቢያውን፣ መፍቻውንና መበየጃዬን ይዤ እመጣለሁ። ክፍያ አልፈልግም። ወላጆች ካርቶናቸውን እንዳለ ይዘው ይምጡ፣ ከልጆቹ ጋር ቢሆን ደግሞ ይሻላል፣ ስሙን የጻፉት እነሱ ናቸውና።

አንባቢያችሁ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ