ኦቾሎኒ እንዳይጠቀለልባቸው፤ ለ«2013 መዝገብ» የድጋፍ ጥሪ

ባለፈው ክረምት ታክሲ ተራ ቆሜ ኦቾሎኒ ገዛሁ። በልቼ ስጨርስ መጠቅለያውን ዘረጋሁት። ቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ነበር። «ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ» የሚለው መስመር ይነበባል። ስሙ ያለበት በኩል ተቀዷል። ከፎቶው የቀረው ነጠላ የደረበ ትከሻ ብቻ ነው። የማን እናት እንደሆኑ እግዜር ይወቅ። ቤት ሲጸዳ ቆራሌው ተጠርቶ ከአሮጌ ደብተር ጋር በኪሎ የሄደ ይመስለኛል።

ወረቀቷን ለዕድራችን ሰዎች አሳየሁ። አንድ ጡረተኛ መምህር አገላብጠው አዩና «የታወቀ ሰውም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም፤ ጊዜው ትንሽ ይረዝማል እንጂ» አሉ። ሥራው የተጀመረው በዚያ ቀን ነው። ዘጠኝ ነን። መምህራን አሉ፣ አንድ የድምፅ ባለሙያ አለ፣ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ። የምናዘጋጀው በ2013 ዓ.ም. ያረፉ፣ በየሙያቸው ስም የነበራቸውን ሰዎች የሚዘክር መጽሐፍና የድምፅ ቀረጻ ነው። ዛሬ እጃችሁን እንድትዘረጉልን ልንለምን ነው የመጣነው።

ለምን 2013? ለቅሶ በስልክ የተደረሰበት ዓመት ስለነበረ ነው። ኮሮና ነበር። ጥቅምት ላይ ደግሞ ጦርነቱ ተጀመረ። ብዙ ሰው የራሱን ሐዘን ይዞ ተቀመጠ። የአንድ ታዋቂ ሰው ዕረፍት ዜና ይነገራል፣ ሁለት ቀን ፎቶው ይዞራል፣ ከዚያ ሌላ መርዶ ይመጣል።

ዓመቱ ገና እንደጠባ፣ መስከረም 19፣ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም አረፉ። 90 ዓመታቸው ነበር፤ የወሰዳቸውም ኮሮና ነው። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በፖለቲካው፣ በእስሩና በሰብአዊ መብት ተሟጋቹ ድርጅት በኢሰመጉ መሥራችነታቸው ነው። ጂኦግራፈር መሆናቸውን የሚያስታውስ እያነሰ ነው። የኢትዮጵያ ገበሬ ለምን ለረሃብ እንደሚጋለጥ ለዓመታት አጥንተው ጽፈዋል። ረሃብ ዝናብ ስለቀረ ብቻ እንደማይመጣ፣ ገበሬውን ጥሪት አልባ የሚያደርገው ሥርዓትም እንዳለበት የተከራከሩ ሰው ናቸው።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል፣ ሰኔ 27፣ በዚያው በሽታ እዳዬ አበበች ጎበና ሄዱ። መስፍን ያጠኑትን ረሃብ እሳቸው በእግራቸው አግኝተውታል። ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወሎ ሲሄዱ መንገድ ላይ ሰው ሲረግፍ አዩ። አንዲት ሕፃን የሞተች እናቷን ጡት ትጠባ ነበር። ልጅቱን አቅፈው አዲስ አበባ ገቡ። ሌላም ጨመሩ፣ ሌላም። ዓመት ሳይሞላ ቤቱ 21 ልጆች ነበሩት። ባላቸው «ወይ እኔ ወይ ልጆቹ» ሲሏቸው ልጆቹን ይዘው ወጡ። እንጀራ እየሸጡ፣ ቆሎ እየሸጡ ያቋቋሙት ድርጅት ብዙ ሺህ ሰው ደግፏል። እኛ የምንፈልገው ግን ቁጥሩን አይደለም። ያን ጊዜ ከእሳቸው ጋር ምጣድ ላይ የቆመች ሴት ካለች፣ እሷን ነው ማናገር የምንፈልገው።

የሁለቱ ምዕራፍ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ሐሳቡ የተማሪዎቹ ነው፤ እኔ መጀመሪያ ተቃውሜ ነበር።

ሙዚቃው ላይ ስንደርስ ሁላችንም ወሬ ይበዛብናል። ሸክላ አሳታሚው አመሃ እሸቴ ሚያዝያ 22 አረፈ፤ ዘፋኙ ዓለማየሁ እሸቴ ነሐሴ 27። የአባታቸው ስም ተገጣጠመ እንጂ ወንድማማቾች አይደሉም። ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ በነበረበት ጊዜ፣ አመሃ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ያለ ወጣት ሆኖ ራሱ አሳትማለሁ ብሎ ተነሳ። እዚህ ማተሚያ ስለሌለ ውጭ አገር አሳትሞ አስመጣ። የመጀመሪያው ሸክላ ላይ የዘፈነለት ዓለማየሁ ነው። በፖሊስ ኦርኬስትራ ያደገው፣ ፀጉሩና አለባበሱ ኤልቪስ ያሰኘው ዓለማየሁ። ከዚያ በኋላ አመሃ ከ100 በላይ ሸክላ አወጣ። ደርግ ሲመጣ አገር ጥሎ ወጣ፤ ለረጅም ዓመታት ዋሽንግተን ኖረ። አንደኛው ባይደፍር የሌላኛውን ድምፅ ዛሬ አንሰማውም ነበር ብዬ አስባለሁ። በአራት ወር ልዩነት ነው የተከታተሉት።

ፒያሳ ሸክላ ይሸጡ የነበሩ አንድ አባት ነበሩ። የዚያን ዘመን ወረፋ፣ ዋጋውን፣ ማን ምን እንደሚገዛ ሁሉ ያስታውሳሉ። ቀጠሮ ያዝን። እኔ ለቀረጻው መኪና አጣሁና ለሚቀጥለው ሳምንት አዛወርኩት። ሳምንቱ ሳይደርስ አረፉ። ይህ የኔ ጥፋት ነው፤ ሌላ የማመካኝበት የለኝም። ከዚያ ወዲህ ቀጠሮ አናዛውርም፤ ታክሲ እንኮናተራለን። የትራንስፖርት ወጪያችን ያበጠውም በዚህ ነው።

ሁለቱ ደግሞ ውጭ አገር ያረፉ ናቸው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የሸንኮራ ልጅ ናቸው። በደርግ መጀመሪያ ሊያስሯቸው ቤታቸው ድረስ በመጡ ወታደሮች ጥይት ተመትተው ከዚያ በኋላ ሕይወታቸውን በተሽከርካሪ ወንበር አሳለፉ። በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሚኒሶታ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ የግዕዝ ብራናዎችን ከማይክሮፊልም እያነበቡ ምን ምን እንደያዙ መዘገቡ። ሰኔ 3 ሲያርፉ 90 ዓመታቸው ነበር።

አጊቱ ጉደታ ግን 43 ዓመት አልሞላትም። ጣሊያን፣ ትሬንቶ፣ ሶሲዮሎጂ ተምራ ተመለሰች። ከገበሬ የሚነጠቀውን መሬት ተቃውማ በ2002 ዓ.ም. እንደገና ወደ ጣሊያን ተሰደደች። ተራራ ላይ ተትቶ የነበረ መሬት ይዛ በ15 ፍየል ጀመረች፤ ኋላ 180 ደረሱ። በዚያ አካባቢ ሊጠፋ የተቃረበ ዝርያ ነው ያረባችው። አይቧን በራሷ መለያ ትሸጥ ነበር፤ ስሙም «ደስተኛዋ ፍየል»። ታኅሣሥ 20 አብሯት በሚሠራ ሰው እጅ ተገደለች። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ልጅ፣ እዚህ ግን ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ሌሎችም አሉ። ሀገር ፍቅርንም ብሔራዊ ቴአትርንም የመራው ተስፋዬ ገሠሠ ለምሳሌ የራሱ ምዕራፍ አለው።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ሥራው በጠቅላላው 480,000 ብር ይፈጃል። ለ500 ቅጂ ኅትመት 260,000፣ ቀረጻውን ሰምቶ ወደ ጽሑፍ ለሚገለብጥ ሰው 90,000፣ ለጉዞ 70,000፣ ለፎቶና ለሰነድ ስካን 60,000። እስካሁን 112,000 ሰብስበናል፤ አብዛኛው ከዕድሩ አባላት ነው። እኛ ዘጠኛችን አበል አንወስድም። ብሩ በሦስት ሰው ፊርማ ካልሆነ አይወጣም፤ ደረሰኝ ለሁሉም እንቆርጣለን፤ በየሁለት ወሩም ሒሳቡን ለዕድሩ እናነባለን። 100 ብር ያለው 100 ይስጥ። መጽሐፉ ሲወጣ ግማሹ በነፃ ለትምህርት ቤቶችና ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይገባል።

ገንዘብ የሌለው ሌላ ነገር አያጣም። አሜሪካ ያላችሁ፣ በተለይ ዋሽንግተንና ሚኒሶታ፣ አመሃን ወይም ፕሮፌሰር ጌታቸውን በቅርብ የምታውቁ፣ ስልካችሁ ላይ ግማሽ ሰዓት ቅረጹልን። ጣሊያን ያላችሁ ደግሞ ከአጊቱ አይብ የሚገዙ የነበሩ ጣሊያኖችን አናግሩልን፤ ትርጉሙን እኛ እናስተረጉማለን። ፎቶ፣ የሸክላ ሽፋን፣ የድሮ የክፍል ማስታወሻ ያላችሁ ዋናውን አትስጡን። አምጡት፣ እዚያው ስካን አድርገን እንመልሳለን።

አንድ ልመና ብቻ አለን። «ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ» ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ አትላኩልን። ያን ዓይነቱ ሞልቶናል። ሲቆጡ ምን ይሉ እንደነበር፣ ቡና በምን ይጠጡ እንደነበር ጻፉልን።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ዕድሩ ቤት አለን። ቡና ይፈላል። ኦቾሎኒም አለ፤ በሳህን ነው የምናቀርበው።