ካርዱን ከመሰካትህ በፊት

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ማሙሽዬ፣

እንዴት ከረምክ? የእማዬ ጉልበት እንዴት ሆነላት? አባዬስ ክኒኑን በሰዓቱ ይውጣል ወይስ አሁንም "ዛሬ ደህና ነኝ" እያለ ያልፈዋል? እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ ከመጀመሩ በቀር የሚወራ የለኝም።

ይቺ ደብዳቤ የደረሰችህ ለኮምፒውተርህ ካዘዝከኝ ግራፊክስ ካርድ ጋር በሹራብ ተጠቅልላ ነው። ሹራቡ የአባዬ ነው፣ እንዳትለብሰው። በስልክ ልነግርህ እችል ነበር፤ ግን አንተ በስልክ "እሺ፣ እሺ እታለም" ካልክ በኋላ የልብህን ነው የምታደርገው። ስለዚህ ተጽፎ ይቀመጥ ብዬ ነው። አንብበህ ሳትጨርስ እንዳትሰካው።

መጀመሪያ መርዶውን ላርዳህ። ያዘዝከኝ አርቲኤክስ 3060 ነበር። እጅህ ላይ ያለው ግን ጂቲኤክስ 1650 ነው። ፊትህ ሲቀየር ከዚህ ይታየኛል። ሰስቼ አይደለም፣ ደምሬ ቀንሼ ነው። ለካርዱ የያዝኩትን ገንዘብ እንዳለ አንተው ላይ ነው ያዋልኩት፤ ሌላው ዕቃ ካልሲዎቹ ውስጥ አለ።

ባለፈው የኮምፒውተርህን ጎን ከፍተህ ፎቶ የላክልኝ ጊዜ አንተ ልታሳየኝ የፈለግኸው ማዘርቦርዱን ነበር። እኔ ዓይኔ የሄደው ጥግ ላይ ወዳለው ፓወር ሰፕላይ፣ መብራት ወደሚያከፋፍለው ሳጥን ነው። የተለጠፈበትን ወረቀት አቧራ ሸፍኖታል፣ ግን ይነበባል። 275 ዋት። በቃ፣ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ።

አሁን አብረን እንደምር። 3060 ሲሠራ እስከ 170 ዋት ይበላል። ፕሮሰሰርህ ኮር አይ5-3470 ደግሞ 77 ዋት የተጻፈበት ነው። ሁለቱ ብቻ 247 ሆኑ። ማዘርቦርዱ፣ ሃርድ ዲስኩ፣ ፋኖቹ፣ ዩኤስቢ ላይ የምትደረድረው ሁሉ ገና አልተቆጠረም። ኤንቪዲያ ራሱ ለዚያ ካርድ የሚመክረው 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነው። ደግሞም ካርዱ የራሱ የመብራት ኬብል ይፈልጋል፤ ያንተ ዴል ላይ እንደዚያ ያለ ኬብል ጭራሽ የለም።

"ጓደኛዬ ከሳታ ወደ 8 ፒን የሚቀይር ኬብል አለ ብሎኛል" ያልከኝን አልረሳሁም። አለ፣ ርካሽም ነው። ግን የሳታ ሶኬት ለሃርድ ዲስክ የተሠራ ቀጭን ነገር ነው፤ በ12 ቮልቱ መስመር ከ54 ዋት በላይ እንዲሸከም አልታሰበም። ከዚያ በላይ ስትጭንበት ይግላል፣ ከዚያ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ሥራ ቦታ አንዱን እንደዚያ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ጫፉ ጠቁሮ እንደ ማስቲካ ተጣብቆ ነበር፣ ኬዙን ስከፍተው ሽታው ለቀናት አፍንጫዬ ላይ ቀረ። አንተ ደግሞ ቪዲዮ ኤክስፖርት አድርገህ ትተኛለህ። እማዬ ከጎን ክፍል ናት። ለጓደኛህ ሰላምታዬን አቅርብልኝና ኬብሉን ለራሱ ያስቀምጠው።

ፓወር ሰፕላዩን ለምን አንቀይርም ትለኝ ይሆናል። አስቤዋለሁ። ግን ቢቀየርስ? ፕሮሰሰሩ በፈረንጅ የ2012 ነው። 3060ን ከሱ ጋር ማሠራት የሲኖትራክ ሞተር ባጃጅ ላይ እንደመጫን ነው፤ ካርዱ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮሰሰሩን ሲጠብቅ ይውላል።

እኔ የምሠራበትን ቦታ ታውቀዋለህ። ቢሮዎች የጣሏቸውን ኮምፒውተሮች አጽድተን፣ ጎደሎውን ሞልተን መልሰን የምንሸጥበት መጋዘን ነው። ስገባ ያንተ ዓይነት ኦፕቲፕሌክስ 7010 እንደ ጡብ ተደርድሮ ነበር። አሁን አንዳንዴ ነው የሚመጣ፣ እሱም ተፈታቶ ይሄዳል። እንግዲህ የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም፣ ጣቴ እስኪላጥ ከፈታሁት ነው።

የፈለግሁት ከስሎቱ፣ ማለትም ማዘርቦርዱ ላይ ከሚሰካበት ቦታ፣ በሚያገኘው መብራት ብቻ የሚሠራ ካርድ ነው። ስሎቱ የሚሰጠው እስከ 75 ዋት ነው። ይሄ ሲባል ምርጫው ይጠባል።

በመጀመሪያ ያሰብኩት ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነበር። በፈረንጅ የ2016 ካርድ ነው፣ 4 ጊጋ፣ 75 ዋት፣ ለዚህ ኮምፒውተር ስንት ዓመት ሙሉ ያገለገለ። ግን ኤንቪዲያ ለዚያ ትውልድ አዲስ ድራይቨር፣ ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ማውጣት አቁሟል፤ ከእንግዲህ እስከ 2028 የሚመጣለት የደህንነት ማስተካከያ ብቻ ነው። ዛሬ ገንዘብ አውጥቼ የምልክልህ ነገር ጡረታ የወጣ እንዲሆን አልፈለግሁም።

የኤኤምዲው አርኤክስ 6400 ደግሞ ሊያታልለኝ ነበር። 53 ዋት ብቻ፣ ትንሽዬ፣ አዲስ። አንተ የሰርግ ቪዲዮ ባትሠራ ኖሮ እገዛው ይሆናል። ችግሩ ቪዲዮ ኢንኮድ የሚያደርግ፣ ኤክስፖርት ስታደርግ የሚጨምቀው ክፍል ጭራሽ የለውም። ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገረውም በአራት የመረጃ መስመር ብቻ ነው፤ አዲስ ማዘርቦርድ ላይ ብዙም አይታወቅም፣ ያንተ ላይ ግን የመነጋገሪያው ፍጥነት በግማሽ ይወርዳል። የኢንቴሉ ኤ380 ቪዲዮ ላይ ጎበዝ ነው ይላሉ፣ እውነትም ነው። ግን ሪሳይዘብል ባር የሚባል፣ ፕሮሰሰሩ የካርዱን ሚሞሪ በሙሉ ባንዴ እንዲያገኝ የሚያደርግ ነገር ከማዘርቦርዱ ይጠይቃል፣ ያንተ የለውም። ጂቲ 1030ን ስሙን አታንሳብኝ፣ እሱም ኢንኮደር የለውም።

ልቤ ውስጥ የቀረው አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋው ነው። 70 ዋት ብቻ ነው የሚበላው። በ2024 ሲወጣ 169 ዶላር ነበር። እሱን ብገዛ ግን ለሌላ ነገር አምስት ሳንቲም አይተርፈኝም ነበር። አንተ ደግሞ ባለ 8 ጊጋ ሚሞሪና የሚያቃስት ሃርድ ዲስክ ይዘህ ነው ካርድ ካርድ የምትለኝ። ስለዚህ ያገለገለ 1650 በ80 ዶላር ገዛሁ። የ2019 ነው፣ 4 ጊጋ፣ 75 ዋት፣ ድራይቨሩም ገና አልተቋረጠም። 1650 ውስጥ ባለ 6 ፒን የመብራት ኬብል የሚፈልግም አለ፣ ስትገዛ ጀርባውን ካላየህ ይሸውድሃል። የላክሁልህ የለበትም።

ሽወዳ ካልኩ አይቀር የደረሰብኝን ልንገርህ፣ ለእማዬ ግን እንዳትነግራት። ከዚህኛው በፊት አንድ ሌላ ገዝቼ ነበር። አንዱ ሰውዬ "1050 ቲአይ ነው፣ ብዙም አልተሠራበትም" ብሎ መኪና ማቆሚያ ላይ ቀጠረኝ። ከሥራ እየሮጥኩ ሄድኩ፣ ጨልሟል፣ ብርድ ነው፣ ብሩን ሰጥቼ ካርዱን ተቀብዬ ወደ መኪናዬ። ቤት ገብቼ መብራት ላይ ሳገላብጠው ጀርባው ላይ የድሮ ሞኒተር የሚሰካበት ሰማያዊ የቪጂኤ ቀዳዳ አለ። ተቀመጥኩ። እውነተኛ 1050 ቲአይ ቪጂኤ የለውም፤ ከ10ዎቹ ትውልድ ጀምሮ ኤንቪዲያ ያንን ትቶታል። ይሄን እኮ ሥራዬ ስለሆነ አውቀዋለሁ! ግን ከገዛሁ በኋላ ነው ያየሁት። ጂፒዩ-ዚ በሚባለው ፕሮግራም ሳየው ከስሙ ፊት "ፌክ" ብሎ ጻፈልኝ። የ2010 አካባቢ ቺፕ ነው፣ ባዮሱን፣ ውስጡ የተጻፈውን ፕሮግራም፣ ቀይረው አዲስ ስም አልብሰውታል። ሰውዬው ስልኩን አላነሳም። ከዚያ በኋላ የሚሸጠው ሰው ቤት ሄጄ፣ ተሰክቶ ሲሠራ ሳላይ አልገዛሁም።

ይሄን የምነግርህ መርካቶ ወይም ሌላ ቦታ "በርካሽ አለ" ሲሉህ እንድታስታውሰው ነው። በእኛ ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ዶላሩ በገበያ ከሆነ በኋላ፣ እናንተ ጋ ዕቃው ምን ያህል እንደተሰቀለ አንተው ነህ የነገርከኝ። አንድ ካርድ ከዚያ ሁሉ ዝቅ ብሎ ከተገኘ ምክንያት አለው። ሌላው ደግሞ አርኤክስ 580 ነው። ብዙዎቹ ኢቴሪየም የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ ሲቆፍሩ ሌት ተቀን የነደዱ ናቸው፤ በመስከረም 2022 በፈረንጅ ያ ሥራ ሲቆም ገበያው ላይ ተራገፉ። ደህና የሚሠራ አለ፣ ግን 185 ዋት ነው፣ አንተ ጋ አይገባም።

አሁን ካልሲዎቹን ፍታ። ግራጫው ውስጥ ሁለት ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር3 ሚሞሪ አለ። አራት ቦታ ስላለህ የድሮዎቹን ሳታወጣ ጨምራቸው። ነጩ ውስጥ 500 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ ፈጣኑ ዲስክ፣ አለ፤ ዊንዶውሱን እሱ ላይ ጫን፣ የድሮው ሃርድ ዲስክ ለማስቀመጫ ይሁን። ከሁሉ ይልቅ ልዩነቱን የምታየው በዚህ ነው ብልህ አታምነኝም። በትንሿ ፕላስቲክ ያለው ኮር አይ7-3770 ፕሮሰሰር ነው። ሥራ ቦታ ሊጣል ከነበረ ኮምፒውተር ለምኜ ያወጣሁት፣ አልከፈልኩበትም። ያንተ ማዘርቦርድ ይቀበለዋል፣ ዋቱም ያው 77 ነው። እሱን ራስህ አትንካው፤ ሶኬቱ ውስጥ ያሉት ፒኖች ፀጉር ናቸው፣ አንዱ ከታጠፈ አበቃ። እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው ይቀይርልህ፣ ሙቀት የሚያስተላልፈውን ፔስትም አዲስ ይቀባው።

ካርዱን ግን ራስህ ስካው። ኬብሉን ከግድግዳ ንቀልና ማብሪያውን ለትንሽ ሰከንድ ተጭነህ ያዝ፣ የቀረው መብራት ይውጣ። የኬዙን ብረት ንካ። ውስጡ ረጃጅም ስሎት ሁለት ታያለህ፣ ሰማያዊው ነው ያንተ። ጥቁሩ መልኩ እንጂ ውስጡ አራት መስመር ብቻ ነው። ጫፉ ላይ ያለችው ማሰሪያ ቀጭ እስክትል ግፋ። ፈርተህ ግማሽ ገፍተህ "አልሠራም" ብለህ በሌሊት እንዳትደውልልኝ።

የሞኒተሩን ኬብል ከካርዱ ነው የምትሰካው፣ ከድሮው ቦታ አይደለም። ይሄን ስንት ሰው ይሳሳታል መሰለህ፣ እኔ ራሴ መጀመሪያ ቀን ተሳስቻለሁ። ሞኒተርህ የቪጂኤ ብቻ ስለሆነ ከኤችዲኤምአይ የሚቀይር ማያያዣ አብሬ አድርጌልሃለሁ፣ በላስቲክ የታሰረው ነው። ወደፊት ሞኒተር ስትቀይር ትጥለዋለህ።

ከመላኬ በፊት ያንተው ዓይነት 7010 ላይ ሰክቼ፣ የማዘርቦርዱን ባዮስ ወደ መጨረሻው ቨርዥን አድሼ፣ ሁለት ሰዓት አቃጥዬ አይቼዋለሁ። አልጠፋም፣ አልፈዘዘም። ስለዚህ አንተም መጀመሪያ ባዮሱን አድስ። መብራት ሊጠፋ በሚችልበት ሰዓት ግን አይሆንም። መሃል ላይ ከጠፋ ማዘርቦርዱ ሞተ ማለት ነው። ከሰፈር ዩፒኤስ ተዋስ።

ቪዲዮ የምታቀናብርበትን ፕሪሚየርን አዲሱን ካልጫንኩ ብለህ አትድከም። አዲሱ ከኢንቴል 6ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው የሚጠይቀው፣ ያንተ 3ኛ ነው፣ አይ7ቱም ያው። ባለህ ቆይ። ሙሽሮቹ በስልክ ቀርጸው የሚያመጡልህ ኤችኢቪሲ የሚባለው ዓይነት ቪዲዮ እስከዛሬ እየተቆራረጠ ያሰቃየህ የነበረው ፕሮሰሰርህ በራሱ ጉልበት ብቻ ስለሚፈታው ነው። ካርዱ ያንን ይረከብሃል። ኤክስፖርት ስታደርግም ሃርድዌር ኢንኮዲንግ የሚለውን ምረጥ። 3060 የሚያህል ነገር አትጠብቅ፤ ግን ማታ ጀምረህ ጠዋት የምታየው ነገር ይቀራል።

የምታወጣው አይ5 ይሠራል፣ እንዳትጥለው። የአክስታችን ልጅ አይ3 ነው ያለው ብለኸኝ ነበር፣ ለሱ ስጠው።

ዕቃውን ያመጣችልህ እህት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው የምትመለሰው፣ ሻንጣዋም ባዶ ነው። ለእማዬ ንገራትና ትንሽ ሽሮ ትላክልኝ። የባለፈው ክረምቱን ሳይጋመስ አለቀ። አንተ ደግሞ ሰክተህ ስታበራው የፋኑን ድምፅ ቀርጸህ ላክልኝ፤ እኔ ጋ ሲሠራ ትንሽ ያፏጭ ነበር፣ በመንገድ ተሽሎት እንደሆነ ልስማ።

እህትህ